ያባረርኳቸው ሁለት ዘበኞች

ይህን ነገር የምናውቅ ሦስት ነን፦ እግዚአብሔር፣ እኔና ሰባት ቁጥር። እግዚአብሔር እስካሁን አላሳበቀብኝም። ሰባት ቁጥር ደግሞ ባትሪዋ አብጦ፣ መስታወቷ ተሰንጥቆ፣ በአሮጌ ካልሲ ተጠቅልላ ከአልጋዬ ሥር ተኝታለች። የቀረሁት ምስክር እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ በራሴ ላይ ልመሰክር በተነሣሁ ቁጥር ሳል ይይዘኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልኩ።

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ በጉርምስናዬ ከጎረቤት ማሳ የባቄላ እሸት መቀንጠሴን ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ምክንያቴ ምን መሰለዎት? ፋየርዎል ምን እንደሆነ ለእሳቸው ማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ኀጢአቱ ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው፣ ስለዚህ አይመጣጠንም እያልኩ። ጥሩ ማመካኛ አይደለም? ለእኔም ጥሩ መስሎኝ ነበር። እንግዲህ ለእርስዎ ልናገር፤ እርስዎ አያውቁኝም፣ መንገድ ላይም አንገናኝም።

ላሊበላ ውስጥ ሬድዮ ስጠግን ያረጀሁ ሰው ነኝ። አያ ፈንታው ይሉኛል። ሬድዮ የሚያስጠግን ሰው ሲጠፋ ወደ ስልክ ዞርኩ፤ ስልኩ እየረቀቀ ዓይኔም እየደከመ ሲሄድ ደግሞ አንድ ማኅበር አነሣኝ። ማኅበሩ ለጎብኚዎች የሚሰጥ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አስመጥቶ ነበር። መዳፍ የምታክል፣ ትንሽ መስታወትና አራት ቁልፍ ያላት፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን ታሪክ በማዳመጫ በጆሮ የምትተርክ። በየመካከሉ የአገራችን መሪጌቶች በድምፃቸው ያስቀዱት ዜማ አለ። እኛ «ተናጋሪ» እንላታለን። ዐሥራ ሁለት ነበሩ። በየጀርባቸው ቁጥር ጻፍኩባቸው፤ እኔም የተናጋሪዎቹ ሹም ሆንኩ። ሹም ማለት ማታ ቻርጅ ላይ የሚሰካ፣ ጠዋት የሚነቅል ማለት ነው፤ ለባለቤቴ ግን እንዲህ ብዬ አልነገርኳትም።

ያሠለጠነን ሰው በውስጣቸው የሚሠራው ሊኑክስ የሚሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው አለ። ትንሽ ናቸው ብላችሁ አትናቋቸው፣ ሙሉ ኮምፒውተር ናቸው አለን። ቫይረስ በእነዚህ ላይ እንዲሁ ከሰማይ አይወርድም፤ ብዙውን ጊዜ በሰው እጅ ነው የሚገባው፣ ከማታውቁት ሰው የተገኘ ነገር አትሰኩባቸው አለን። ፋየርዎል ደግሞ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው፤ ያልተጠራ አያስገባም። በእኛ ክፍል የጎብኚው ስልክ ሁሉ የሚጠቀመው አንድ ዋይፋይ ስለሆነ ይህ ዘበኛ ከበሩ አይነሣ አለ። እኔ ይህን ሁሉ በደብተር ጻፍኩ። ከመጻፍም አልፌ ለሌሎች እሰብክ ጀመር።

«በሰው እጅ ነው የሚገባው» የምትለዋን ከሰማሁ ወዲያ የሰው እጅ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጥ ነበር። አንድ ፈረንጅ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ገመድ ቢያወጣ እስከ ቤተ ጊዮርጊስ ድረስ ተከተልኩት፤ ሰውየው በመጨረሻ አስጎብኚ መስዬው ፎቶ አንሣኝ አለኝ። አንድ ዲያቆን በመስኮታችን ሥር ጥላ ፍለጋ ቢቆም ምን ያዳምጣል አልኩ። አስጎብኚዎቹ ስገባ ዝም ካሉ በእኔ ላይ እያሴሩ ነው፣ ዝም ካላሉም ሊያዘናጉኝ ነው። ጥርጣሬ ለካ ሽማግሌን ወጣት ያደርጋል፤ በእነዚያ ወራት ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም።

ከሁሉ የምጠረጥረው ግን የዘበኛችንን ስልክ ነበር፤ ስሙ እንግዳው ነው።

እንግዳው ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ካለች መንደር ነው። ቀን እርሻውን ያርሳል፣ ማታ መጥቶ ከተናጋሪዎቹ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቶ ያድራል፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶ ይሄዳል። በእድሜ ዐሥር ዓመት እበልጠዋለሁ፣ በቁም ነገር ግን እሱ ይበልጠኛል። የሰንበቴያቸው ሙሴ ነበር፤ ሙሴ ማለት ሰብሳቢው፣ ማኅበርተኛ ሲኳረፍ የሚያስታርቀው፣ ቃሉ የሚታመነው ማለት ነው። ጋሸና ምግብ ቤት ያላት ልጁ የላከችለት ስልክ ነበረው። በደረት ኪሱ ነው የሚይዘው፣ እንደ ክታብ።

ያቺን ስልክ ከተናጋሪዎቼ አርቅ እያልኩ በየማለዳው እገሥጸው ነበር። አንድ ቀን ሳቅ ብሎ፣ «ኧረ አያ ፈንታው፣ ይቺ ከእኔና ከልጄ በቀር ማንም አያውቃት፤ በሽታውን ከማን ይዛ ትመጣለች?» አለኝ።

«ሁሉም እንዲሁ ነው የሚል» አልኩት፣ በትልቅ ሐኪም ድምፅ።

እሱ ግን ተቀይሞም አያውቅ። ከማግስቱ ጀምሮ ስልኩን ከደጅ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ መግባት ጀመረ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። ያንን ሁሉ ሰብኬ ምን አደረግኩ? አንድ ጎብኚ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው፣ ስለ ተናጋሪዎቹ ስንጨዋወት ደስ ብሎት አንዲት ሚሞሪ ካርድ ትቶልኝ ሄደ። ለእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የተሠራ፣ ገበጣ የሚመስል ጨዋታ አለባት አለኝ። ከማታውቁት ሰው የተገኘ ነገር አትሰኩ ብሎ በክፍሉ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የጻፈው ማን ነው? እኔ። በዚያው ጽሑፍ ሥር ቆሞ የሰካውስ? እኔ። አንድ ቀን እንኳ አላሳደርኳትም።

ጨዋታው ሁለት መሣሪያ ይፈልጋል፤ አንዱ ከሌላው ጋር በዋይፋይ ይነጋገራል። ፋየርዎሉ አላናግርም አለ። ሥራው ነዋ። ስለዚህ በሦስት ቁጥርና በሰባት ቁጥር ላይ አጠፋሁት። በየማለዳው ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ ጎብኚም ከመምጣቱ በፊት፣ በሬን እዘጋለሁ፣ ዘበኛውን ከሁለቱ በር ላይ አነሣለሁ፣ ሦስት ቁጥርን በግራ እጄ፣ ሰባት ቁጥርን በቀኝ እጄ ይዤ ከራሴ ጋር ገበጣ እጫወታለሁ። ግራው ፈንታው ነው። የሚሸነፍ ሰው ስለሚያስፈልግ ቀኙን እንግዳው አልኩት። ግራው ያጭበረብራል። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዘበኛውን ወደ ቦታው መልሼ፣ ጢሜን አስተካክዬ፣ ሹም ሆኜ እወጣለሁ።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ሰዓቱ። እነዚህ ሁለቱ ከዚያ በፊት ባትሪያቸው ጨርሶ ሞቶ ሰዓታቸው ጠፍቶ ነበር። የዐሥሩን ሰዓት የሞላው አሠልጣኙ ነው፤ የእነዚህን የሞላሁት እኔ፣ ከእጅ ሰዓቴ እያየሁ። የእጅ ሰዓቴ አባቴ እንደቆጠረው ነው የሚቆጥረው፤ ፀሐይ ወጥታ ሁለት ሰዓት ስትሄድ ሁለት ይላል። ማሽኑ ግን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ ለእሱ ሁለት ማለት እኛ ከሌሊቱ ስምንት የምንለው ነው። ይህን ማን ልብ አለ? መስታወቷ ላይ ሁለት ሲል ሁለት ነው፤ ደስ አለኝ እንጂ።

ማለዳ ማለዳ የተጫወትኩባቸው ሁለቱ ቀትር ሳይደርስ ባትሪያቸው ያልቅ ጀመር። አንዲት ጎብኚ ቤተ መድኃኔ ዓለም ውስጥ ቆማ፣ ንጉሡ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ተናጋሪዋ ልትነግራት ስትል ጸጥ አለችባት። ሴትዮዋ ንጉሡ ምን አደረጉ ብላ ማኅበሩ ቢሮ ድረስ መጣች። ተሰበሰብን። የማኅበሩ ሰዎች ፊቴን አዩ። ያን ጊዜ ጨዋታ ነው ብል ይስቁብኝ ነበር፣ አንድ ሳምንት ይስቃሉ፣ ያበቃል። እኔ ግን ጢሜን ዳበስኩና፣ «ቫይረስ ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ራሴን ጠረጠርኩ። ያቺ ካርድ ውስጥ ምን እንደነበረ በምን አውቃለሁ? ሰውየው ለምን ሳቀ? ለምን ስሙን አልነገረኝም? የማኅበሩ ሰዎች ደግሞ ከተማ ደውለው የኮምፒውተር መርማሪ ትመጣለች አሉ። ከመምጣቷ በፊት በነበረው ምሽት ጨዋታውን ከሁለቱም ደመሰስኩ። ዐሥሩን ሳይ የሁለቱ ሰዓት ከእነሱ ጋር እንደማይገጥም አስተዋልኩ፤ ንጹሕ ሠራተኛ ለመምሰል ብዬ አስተካከልኩት። ሰዓቱን ከመርማሪዋ ልሰውረው ብዬ አልነበረም። እንዲህ ስል ለራሴ ጥብቅና እየቆምኩ መሆኔ ይታየኛል። ይቅር፣ የሚበልጠው ገና ይመጣል።

መርማሪዋ ወጣት ናት፣ የሰከነች። ማኅበሩ ፊት ኮምፒውተሯን ዘርግታ ሦስት ቁጥርንና ሰባት ቁጥርን አያያዘች። ለካ መሣሪያዎቹ የወጣ የገባውን ሁሉ ይጽፋሉ። እኔ ጨዋታውን ደመሰስኩ እንጂ መዝገቡን አልነካሁም፤ መኖሩንም አላውቅም። እንግዳውም ተጠርቶ መጥቶ ቆቡን በእጁ ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል።

የሚታወቅ ቫይረስ አላገኘሁም አለች። በሐቅ ነው የተናገረችው፤ ይህ ቫይረስ ነው ብዬ መናገር አልችልም አለች። ነገር ግን በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከአምስት ሲሆን የእነዚህ የሁለቱ ፋየርዎል ይጠፋል፣ ሁለቱ ይነጋገራሉ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ተመልሶ ይበራል። ማሽን ይህን በራሱ አያደርግም፤ ሰው ነው የሚያደርገው፣ ዱካውን የሚያጠፋ ጠንቃቃ ሰው፣ አለች።

ይመኑኝ፣ መጀመሪያ እኔም ደነገጥኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በክፍሌ ውስጥ ማነው? ዓይኔ ሳላዘው ወደ እንግዳው ደረት ኪስ ሄደ። ከዚያ ሦስት ቁጥርና ሰባት ቁጥር የሚለው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ግራ እጄን አየሁ። ቀኝ እጄን አየሁ። እሷ መዝገቡ ላይ ሁለት የሚለውን አይታ፣ አገርኛ እንዲሆንልን ብላ ስምንት አደረገችው። እኔ ግን ሁለቱን ቀድሜ አገርኛ አድርጌው ነበር። ሌሊቱ ሌሊት አልነበረም። ሌባውም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጢሙን እየዳበሰ ነበር።

ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ የእነዚህ የሁለቱ ሰዓት በፊትም ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር» አልኩ።

ይኸው ነው። ሁለት ቃል። ልክ ነበር አልኩ። በአገራችን አቆጣጠር እኮ ልክ ነበር እያልኩ ስንት ቀን ራሴን አባብያለሁ! የጠየቀችኝ ግን ስለ አገራችን አቆጣጠር አልነበረም፤ ምን እንደጠየቀችኝም አውቃለሁ። አውቄ ነው ልክ ነበር ያልኩት። ለምን? የሚያስጨክን ጠብ ነበረን? አልነበረንም። አያ ፈንታው ከራሱ ጋር ገበጣ ይጫወታል፣ ሰዓት መሙላት አያውቅም ተብሎ እንዳይሳቅብኝ ነው። በሰው ሳቅ ያደገ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስቅ የኖረ ሽማግሌ አንዲት ሳቅ ፈርቶ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር እንግዳውን በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ማን ይኖራል ብሎ ጠየቀው። ተኝቼ ነበር ማለት ይችል ነበር፣ ሰው ይመጣል ማለት ይችል ነበር። «እኔ ነኝ ያለሁ፤ በሩን ዘግቼ። ሌላ ሰው አልገባም» አለ። የዘበኛ መልስ ነው። እውነቱን ተናግሮ ራሱን አሰረ፤ እኔ ዋሽቼ ተፈታሁ።

ሌባ ያለው ማንም የለም። የመሪጌቶቹን ዜማ እየቀዳ በስልኩ ለሰው ይልካል ማለትም በሹክሹክታ እንጂ በግልጽ አልተባለም። ለጊዜው ዕረፍ አሉት። ቁልፉን በሁለት እጁ አድርጎ አስረከበኝና፣ «አደራ፣ ያቺ ሰባት ቁጥር ሶኬቷ ይላቀቃል፣ ጠበቅ ያርጓት» ብሎኝ ሄደ። መርማሪዋ ስትነሣ ፋየርዎሉን እንዳናጠፋ አስጠነቀቀችን። ከሁሉ በላይ ጭንቅላቱን የነቀነቀው እኔ ነበርኩ። አንዱን ዘበኛ በጣቴ፣ አንዱን በምላሴ አባርሬ ተቀምጬ ነው የምነቀንቀው።

አሁን አሁን ሰዎች ፋየርዎል ለእንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ምን ይጠቅማል ይሉኛል። በር ካልተከፈተ፣ እንግዳ ነገር ካልተሰካባት፣ እውነት ነው ብዙ ሥራ የለውም፤ ቆሞ ይውላል። አንድ ነገር ግን ይጠቅማል። ከቦታው የተነሣበትን ሰዓት ጽፎ ያስቀምጣል። እሱ እውነቱን ጻፈ፤ ሰዓቱን የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ወሬው መንደሩ ከእንግዳው ቀድሞ ገባ። በሰንበቴው እሱ ሲመጣ ሰዎች ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው ይከቱ ጀመር አሉ። ደግሞም በጨዋ ደንብ፣ ደክሞሃልና ዕረፍ ብለው ሙሴነቱን ለሌላ ሰጡት። ሁለት ቦታ ዕረፍ ተባለ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቤቴ መጣ። ነገሩ ገብቶታል፣ ሊወቅሰኝ ነው ብዬ ከወንበሬ አልተነሣሁም። እሱ ግን ስልኩን በነጠላ ጫፍ ይዞ፣ ሳይነካት፣ ጠረጴዛዬ ላይ አኖራት።

«አያ ፈንታው፣ አንድ ነገር ይዩልኝ» አለ። «ያ ነገር ከዚች ወጥቶ ይሆናል። እርስዎ ስንት ቀን አርቅ ሲሉኝ ከዘራዬን እንደምረሳ ሁሉ ደጅ መተዋን እየረሳሁ ይዣት ገብቼ አውቃለሁ። እኔ ሳላውቅ እሷ ሌሊት ሠርታ ይሆናል። ካለባት ይንገሩኝ፤ ሰው አልበክል።»

ይህን ሲለኝ ምን ማድረግ ነበረብኝ? የቀረልኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር። ምንም የለባትም፣ የኔ ሥራ ነው ማለት። ስልኩን አነሣሁ። መነጽሬን አደረግኩ። ቁልፎቿን ጫን ጫን አደረግኩ፣ ግንባሬን ቋጠርኩ፣ ተነፈስኩ። ከዚያ፣ «በቃ አትጨነቅ፣ አጽድቼልሃለሁ» አልኩት።

አጽድቼልሃለሁ! የለባትም ማለት ሲገባኝ። ንጹሕን ነገር አጸዳሁ ያልኩ ቀን ነበረባት ማለቴ ነው። እንግዳው ተነሥቶ ጉልበቴን ሊስም አጎነበሰ። አልከለከልኩትም። «ዕድሜ ይስጥልኝ» አለኝ፤ ይኸው ሰጠኝ፣ እስከ ዛሬ እቆጥረዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ እንግዳው ያቺን ስልክ ወደ ቤት አስገብቷት አያውቅም። ከግቢው ካብ ላይ፣ ዝናብ እንዳይነካት በቆርቆሮ ሥር ያኖራታል። በሽታው ይመለስባት ይሆናል፣ የልጅ ልጆች ያሉበት ቤት ነው ይላል አሉ። ሰንበቴም ሲሄድ እዚያው ትቷት ይሄዳል። ሰው በጥርጣሬ ቢያየው ይኸን ያህል አይገርመኝም፤ እሱ ግን ራሱን ጠረጠረ። ያንን እኔ አስተማርኩት።

ባለፈው ሳምንት ልጁ ከጋሸና ወደ እኔ ደወለች። ቁጥሬን ከማን እንዳገኘች አላውቅም። ወንድ ልጅ ወልዳለች። ሦስት ቀን ሙሉ ወደ አባቷ ደውላ የሚያነሣ አጣች። «አባባ ታሞብኝ ይሆን? እባክዎ ይዩልኝ» አለችኝ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። ስልኳ ካቡ ላይ እየጮኸች ነበረ። እኔ አውቃለሁ ለምን እንደማያነሣ። ደህና ነው አልኳት፤ ከዚያ በላይ ሳል ያዘኝ።

ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው። ቅዳሜ መንደሩ ወርጄ መጀመሪያ ለእንግዳው አነብለታለሁ፤ ዓይኑ ደቃቅ ፊደል አያይም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ሰንበቴው ተሰብስቦ ሳለ ቆሜ አነባለሁ። አርጅታ ስትጣል ለራሴ ያስቀረኋትን ሰባት ቁጥርንም በካልሲዋ ይዣት እሄዳለሁ፤ ምስክር ናት። ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሦስት ዓመት የዘገየ ሳቅ ነው። ካልሳቁ ግን፣ እንግዳውም ዝም ብሎ ካየኝ፣ እሱን እንዴት እንደምችለው አላውቅም።

ከእርስዎ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅር የሚለኝ ወይም የማይለኝ ሰው ሌላ ነው። ሽማግሌ ነበርኩ፣ ማሽን አላውቅም ነበር ብዬም አላመካኝም። የማላውቀው ብዙ ነበር፤ ያቺን አንዲት ነገር ግን አውቅ ነበር።

ያቺ ወጣት መርማሪ በዚያ ቀን ጠይቃኝ ነበር። ያልመለስኩላትን ልመልስላት። ልጄ፣ ሰዓቱ ልክ አልነበረም። የሞላሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ነበር፣ ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። እንግዳው እርሻው ላይ ነበር።